ፀጉርን በዕፀዋት ውኃ ስለ መለቅለቅ

ቅጠልና ፍሬ ቀጥቅጦ፥ በውኃ ዘፍዝፎ ራስን መታጠብ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የቆየ ልማድ ነው። ዛሬ በከተማ የሚኖረው ሰው ግን፥ ይልቁንም ተማሪው፥ ይህን ሥራ ከሱቅ ለሚገዛው ሻምፖና ኮንዲሽነር ትቶለታል። ሻምፖ የሚባለው እድፍንና ቅባትን የሚያጥበው ነው፤ ኮንዲሽነር የሚባለው ደግሞ ፀጉር ከታጠበ በኋላ እንዲለሰልስ፥ እንዳይጠላለፍና ለማበጠሪያ እንዲመች የሚቀባው ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ «ከተፈጥሮ የተገኘ ይሻላል» የሚለው አሳብ እንደ ገና ስለ ተነሣ፥ ሎሚውም፥ አብሹም፥ እሬቱም፥ እንዶዱም «ለፀጉር ይበጃል» በሚል አንድ ቃል እየተጠቃለሉ ሲመከሩ ይሰማል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የእነዚህ ዕፀዋት ሥራ አንድ አለመሆኑን ማስረዳት ነው። አንዳንዱ ያጥባል፤ አንዳንዱ ያለሰልሳል፤ አንዳንዱ የሳሙናን ትራፊ ያስለቅቃል፤ አንዳንዱም መዓዛ ከመስጠት የሚያልፍ ሥራ የለውም። ይህን ሳይለይ የሚያጥበውን ለማለስለሻ ያዋለ ሰው ፀጉሩን ይጎዳል፤ ከዚያም ጥፋቱን በዕፀዋቱ አሳብቦ ወደ ሱቁ ጠርሙስ ይመለሳል። እኔም ይህንኑ ስሕተት ስለ ሠራሁ ነው ነገሩን ለመመርመር የተነሣሁት።

የጥያቄው መነሻ

ያደግሁት በወሎ ቆላ፥ በቆቦ አካባቢ ነው። አያቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ራሴን በቁርቁራ ቅጠል ያጥቡኝና ሲደርቅ አደስ የገባበት ለጋ ቅቤ ቀብተው ሹሩባ ይሠሩኝ ነበር። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ አንድ የሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት በገባሁ ጊዜ ግን ቅቤ መቀባት ክልክል መሆኑ ተነገረን። ምክንያቱም አንሶላና ትራስ ያበላሻል፥ ይሸታልም የሚል ነበር። ለራስ መታጠቢያ የተሰጠን የልብስ ሳሙና ነው። ከልካዮቹ ስለ አንሶላው የተናገሩት እውነት ነበር፤ ነገር ግን በቅቤው ፈንታ የተካው ነገር አልነበረም። ዓመቱ ሳያልቅ ፀጉሬ ከጫፉ እየተሰባበረ አጠረ። ከዚህ የባሰው ደግሞ የቅቤ ሽታ የሚያሳፍር ነገር መስሎኝ፥ ለዕረፍት ወደ ቤት ስሄድ እንኳ አያቴን «አልቀባም» ማለት ጀመርሁ።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ከተፈጥሮ የተገኘ ማለስለሻ ለመሞከር አሰብሁ። የነጠላን እድፍ የሚያስለቅቀው እንዶድ ለፀጉርም ይስማማል ብዬ የደረቀ ፍሬውን ወቀጥሁና በውኃ መትቼ፥ ልክ እንደ ኮንዲሽነር ራሴ ላይ እያቆየሁ በየሦስት ቀኑ እታጠብበት ጀመር። ዱቄቱ አስነጠሰኝ፤ አረፋው ዓይኔን አቃጠለኝ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላም ፀጉሬ እንደ ገለባ ደረቀ። ይህን ለአያቴ በነገርኋቸው ጊዜ ራሳቸውን እየነቀነቁ፥

«ልጄ፥ እንዶድ ያነሣል እንጂ መቼ ያኖራል!» አሉኝ።

«ታዲያ የሚያኖረው የትኛው ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው፥

«የሚያኖረውማ ቅቤው ነበር፤ እሱን አንቺው ተውሽው» ብለው መለሱልኝ።

ከዚያ በኋላ ስለ ፀጉር የተጻፈውን ኬሚስትሪ ስመለከት፥ አያቴ በሁለት ቃል የለዩት ነገር መጻሕፍቱ በብዙ ገጽ ከሚያስረዱት ጋራ አንድ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ ከዚህ በታች ዕፀዋቱን «የሚያነሡ» እና «የሚያኖሩ» ብዬ ከፍዬ አቀርባለሁ።

የፀጉር ጠባይ

ከራስ ቆዳ በላይ የሚታየው ፀጉር ሕይወት የለውም። ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ስለ ሆነ፥ ሕይወት ያለው ሥሩ ብቻ ነው። ስለዚህ በአንዳንድ ዕቃ ላይ «ፀጉርን ይመግባል» ተብሎ የሚጻፈው ቃል ትክክል አይደለም። የሞተ ነገር አይበላም፤ ነገር ግን ከመሰበርና ከመድረቅ ሊጠበቅ ይችላል።

አንዲት ዘለላ ፀጉር በማይክሮስኮፕ ስትታይ ላይዋ እንደ ጎጆ ክዳን ሣር በተደራረቡ ስስ ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። ቅርፊቶቹ ተኝተው ሳሉ ፀጉሩ ያበራል፥ ለእጅም ይለሰልሳል። ቅርፊቶቹ ሲነሡና ሲቀረፉ ግን አንዱ ፀጉር ከሌላው ጋራ ይያያዛል፤ ማበጠሪያው ይይዘዋል፤ በመጨረሻም ይሰበራል። ፀጉር በወር ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ፥ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፀጉር ጫፉ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ዕድሜ አለው ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደ ታጠበ፥ እንደ ተበጠረና ፀሐይ እንደ መታው ሲታሰብ፥ ክዳኑ አስቀድሞ የሚያረጀው ከጫፍ በኩል መሆኑ አያስደንቅም።

የራስ ቆዳ የራሱን ቅባት ያወጣል። ቀጥ ባለ ፀጉር ላይ ይህ ቅባት በቀላሉ ወደ ታች ይወርዳል። በተጠቀለለ ፀጉር ላይ ግን መንገዱ ጠመዝማዛ ስለ ሆነ እስከ ጫፍ ሳይደርስ ይቀራል። የእኛ አገር ሰው አብዛኛው ፀጉሩ የተጠቀለለ ስለ ሆነ፥ እናቶቻችን ከውጭ ቅባት መጨመራቸው ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ የፀጉሩ ጠባይ የሚጠይቀው ነገር ነበር።

ከሱቅ የሚገዛው ኮንዲሽነር ሥራውን የሚሠራው በሚከተለው አኳኋን ነው። እርጥብ ፀጉር በላዩ ኔጋቲቭ የኤሌክትሪክ ኃይል ይይዛል፤ በተጎዳው ጫፍም ይህ ኃይል ይበዛል። በኮንዲሽነር ውስጥ ያሉት ዋና ቅመሞች ደግሞ ፖዚቲቭ ስለ ሆኑ ወደ ፀጉሩ ይሳባሉ፥ ይልቁንም በተጎዳው ስፍራ ይጣበቃሉ። ከዚህም በላይ ቅባትነት ያላቸው አልኮሎችና ብዙ ጊዜም ሲሊኮን ይጨመርበታል። ስለዚህ በውኃ ሲለቀለቅ ሁሉም ታጥቦ አይሄድም፤ ስስ ሽፋን ይቀራል። ከዕፀዋት የሚገኝ መለቅለቂያ የኮንዲሽነር ምትክ ሊሆን የሚችለው ይህን የመሰለ ሽፋን ማኖር ከቻለ ብቻ ነው። አንድን ቅጠል ለመመዘን ይህን መለኪያ መያዝ ይገባናል።

የሚያነሡ ዕፀዋት

ከሚያነሡት መካከል በደጋና በወይና ደጋ ዘንድ የታወቀው እንዶድ ነው፤ የሳይንስ ስሙም «ፊቶላካ ዶዴካንድራ» ይባላል። በትግርኛ «ሽብጢ» ይሉታል። ፍሬው ሳፖኒን የሚባሉ ቅመሞች አሉት። ሳፖኒን አንዱ ጫፉ ውኃን፥ ሌላው ጫፉ ቅባትን የሚወድ በመሆኑ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል፤ ቅባቱንም ከጨርቅ ወይም ከፀጉር አላቅቆ ወደ ውኃው ያስገባዋል።

የእንዶድ ኃይል ምን ያህል መሆኑ በዓለም የታወቀው በአንድ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ትጋት ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ ሲመረምሩ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ቀንድ አውጣዎቹ የበሽታውን ትል የሚያስተላልፉ ናቸው። ከዚህ የተነሣው ምርምር እንዶድ ለበሽታው መከላከያ እንዲታሰብ አደረገ፤ ከፍሬው የተገኘውም ዋና ሳፖኒን በስማቸው «ሌማቶክሲን» ተባለ። በ1989 እ.ኤ.አ. እርሳቸውና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን የዓለም ሽልማት ተቀብለዋል። ይህን ታሪክ እዚህ ያነሣሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፥ ቀንድ አውጣንና ዓሣን የሚገድል ነገር «ተፈጥሮ ነው» ተብሎ ያለ ጥንቃቄ ራስ ላይ የሚደፋ አይደለም። ሁለተኛ፥ የምርምሩ በር የተከፈተው የሴቶችን የልብስ አጠባ በማስተዋል ነው። ሴቶቹ እንዶዱን ባያውቁት ኖሮ ሳይንቲስቱም የሚያየው ነገር ባልነበረ።

ሁለተኛው ቁርቁራ ነው፤ የሳይንስ ስሙ «ዚዚፉስ ስፒና ክሪስቲ» ይባላል። እሾኻም የቆላ ዛፍ ሲሆን ፍሬው ይበላል። በአንዳንድ አገር «ገባ» ይሉታል። ቅጠሉ ሳፖኒን ስላለው በውኃ ሲታሽ አረፋ ያወጣል፤ ነገር ግን እንደ እንዶድ ፍሬ ብርቱ አይደለም። ሶማሌዎች የቅጠሉን ዱቄት «ቃሲል» ብለው ለፊትና ለፀጉር ይጠቀሙበታል። በአፋርም ቅጠሉ ለፀጉር የታወቀ ነው። አያቴ ቅጠሉን በጥላ አድርቀው ይወቅጡትና አንድ እፍኝ ያህሉን ለብ ባለ ውኃ ይመቱታል፤ አረፋውንም በራስ ቆዳ ላይ አሽተው ቶሎ በብዙ ውኃ ያጥቡታል። ቶሎ ማጠባቸውን ልብ ይሏል። የሚያነሣ ነገር በቆየ ቁጥር ሊነሣ የማይገባውንም ያነሣልና።

ስለ ሎሚና ስለ ኮምጣጤ

ሎሚና ኮምጣጤ በራሳቸው አያለሰልሱም፤ የሚጠቅሙት ሳሙና ባለበት ነው። ከቅባትና ከአልካሊ የተሠራ ሳሙና በውኃ ሲሟሟ ፒ ኤቹ 9 ወይም 10 ያህል ይሆናል። የፀጉር ቅርፊቶች በዚህ አልካሊ ውስጥ ያብጣሉ፥ ይነሣሉም። ከዚህም ሌላ የኖራ ማዕድን በበዛበት ውኃ ሳሙናው ከካልሲየምና ከማግኒዚየም ጋራ ተዋሕዶ ነጭ ዝቃጭ ይሆናል። ይህም ዝቃጭ ፀጉር ላይ ተለጥፎ ያደነዝዘዋል፥ ያሻክረዋልም። በእንደዚህ ያለ ጊዜ ቀጭን የአሲድ ውኃ አልካሊውን ይሰብረዋል፤ ዝቃጩንም ያስለቅቃል፤ ቅርፊቶቹም ይተኛሉ።

እንግዲህ በሳሙና የታጠበ ሰው ሎሚ ቢለቀለቅ ልዩነቱን ወዲያው በእጁ ያውቀዋል። በዛሬው ሻምፖ የታጠበ ሰው ግን ሻምፖው አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሳሙና አልካሊ ስላልሆነ ብዙ ለውጥ አያገኝም። «ሎሚ ጠቀመኝ» እና «ሎሚ ምንም አላደረገልኝም» የሚሉ ሁለት ሰዎች ሁለቱም እውነት ሊናገሩ የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው። ሊጠየቁ የሚገባው በምን እንደ ታጠቡ ነው።

መጠኑ ለአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተጣራ ጭማቂ ወይም ኮምጣጤ ይበቃል። ያልተበረዘ የሎሚ ጭማቂ ፒ ኤቹ ከ2 እስከ 3 ድረስ ስለ ሆነ ቆዳ ያቃጥላል። ከተለቀለቁ በኋላም በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ ያስፈልጋል። የሎሚ ጭማቂ ቆዳ ላይ ሳለ ፀሐይ ሲያገኘው፥ ፉራኖኩማሪን በሚባሉ ቅመሞቹ ምክንያት ቆዳን እንደ እሳት አቃጥሎ ውኃ ያስቋጥራል፤ ጥቁር ምልክትም ይተዋል። በሎሚ ራሱን ታጥቦ ወዲያው ፀሐይ ላይ ፀጉሩን የሚያደርቅ ሰው ግንባሩንና አንገቱን ለዚህ አደጋ ያጋልጣል።

የሚያኖሩ ዕፀዋት

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ሽፋን የሚያኖሩት ዕፀዋት ዝልግልግ ፈሳሽ የሚሰጡት ናቸው። ከነዚህም በቀላሉ የሚገኙት ተልባ፥ አብሽና እሬት ናቸው።

ተልባ። የተልባ ፍሬ ቅርፊት በሞቀ ውኃ ውስጥ እንደ እንቁላል ነጭ የሚያዳልጥ ፈሳሽ ያወጣል። ይህ ፈሳሽ ከረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች የተሠራ ሲሆን፥ ውኃ ይዞ ይቆያል፥ በፀጉሩም ላይ ስስ ሽፋን ይሆናል። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ያልተቆላና ያልተፈጨ ተልባ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ለቅሞ በአራት ብርጭቆ ውኃ እያማሰሉ አሥር ደቂቃ ያህል መቀቀል፤ ከዚያም ትኩስ ሳለ በስስ ጨርቅ ማጥለል። ከቀዘቀዘ ስለሚጠነክር በጨርቁ አያልፍም። ለመጠጥ የሚሆነው የተቆላና የተወቀጠ ተልባ ለዚህ ሥራ አይመችም፤ ደቃቁ ፀጉር ውስጥ ገብቶ ለመልቀቅ ያስቸግራልና።

አብሽ። የአብሽ ፍሬ ጋላክቶማናን የሚባል ዝልግልግ ነገር በብዛት አለው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ፍሬ በአንድ ሊትር ውኃ ሌሊቱን ዘፍዝፎ፥ ጠዋት ውኃውን ብቻ አጥልሎ መጠቀም ነው። ከተልባ ይልቅ ይቀጥናል፤ ስለዚህ ለቀጭን ፀጉር ይስማማል። ጉድለቱ ሽታው ነው። ቅቤውን ስለ ሽታው የተወ ሰው በአብሽም ሊከፋ ይችላል። አብሽ የጥራጥሬ ወገን ስለ ሆነ፥ ኦቾሎኒ ወይም ሽምብራ የማይስማማው ሰው ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

እሬት። ከእሬት የሚፈለገው በቅጠሉ መካከል ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግ ነው። ከልጡ ሥር የሚወጣው ቢጫና መራራ ፈሳሽ ግን ሌላ ነው፤ ቆዳ ይቈጣል፥ ቢዋጥም በብርቱ ያስቀምጣል። ስለዚህ ቅጠሉን ቈርጦ ቢጫው እስኪያልቅ ድረስ አዘቅዝቆ ማንጠብጠብ፥ ከዚያም ታጥቦ መላጥ ያሻል።

የሰሊጥ ቅጠልም በውኃ ሲታሽ እንደነዚህ ያለ ዝልግልግ ይሰጣል፤ አፋሮችም ከቁርቁራ ቅጠል ጋራ ለፀጉር ከሚጠቀሙባቸው ዋና ዋና ዕፀዋት አንዱ ነው። አንዱ የሚያነሣ፥ ሁለተኛው የሚያኖር ሆነው ጎን ለጎን መገኘታቸው በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም።

ዝልግልግ ሁሉ ግን ከኮንዲሽነር የሚያንስበት አንድ ነገር አለ። የኮንዲሽነር ቅመም በኤሌክትሪክ ኃይል ፀጉር ላይ ሲጣበቅ፥ የተልባና የአብሽ ዝልግልግ በውኃ የሚሟሟ ስለ ሆነ በብዙ ውኃ ከታጠበ ሙልጭ ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ የመጨረሻው ውኃ መሆን አለበት። ታጥቦ፥ ለቅልቆ፥ የፀጉሩን ውኃ በፎጣ ጠምጥሞ ካወጡ በኋላ የተልባውን ውኃ ከጫፍ ጀምሮ መቀባት፥ በሰፊ ጥርስ ማበጠሪያ ማፍታታት፥ ሳያጥቡ መተው። በዝቶ ከተቀባ ሲደርቅ ፀጉሩን ያገርረዋል፥ ነጭ ቅርፊት መስሎም ይራገፋል። በዚህ ጊዜ በንጹሕ ውኃ ማቅጠን ይበቃል። ተልባ በመኝታ ቤታችን በሳምንት አንድ ጊዜ የምንሠራው ሆኗል። አንሶላ አያበላሽም፥ አይሸትም፤ የተሰበረውን ጫፍ ባይመልስም ማበጠሪያው እንደ በፊቱ አይዝም።

ስለ ቅቤና ስለ አደስ

ቅቤ ከዕፀዋት ወገን ባይሆንም ሳይነሣ ሊታለፍ አይገባውም፤ የቆየው የፀጉር አያያዝ ያለ እርሱ አይረዳምና። ቅቤ በውኃ አይሟሟም፤ ስለዚህ የፀጉሩን እርጥበት ከማምለጥ ያግዳል፥ ቅርፊቶቹንም ያለሰልሳል። በደቡብ ኦሞ የሐመር ሴቶች ከቀይ አፈር ጋራ ለውሰው ፀጉራቸውን ያበጁበታል፤ በደጋውም ሹሩባ ያለ ቅቤ አይታሰብም ነበር። የሚነቀፍበት ሽታ የሚመጣው ቅባቱ ሲሻግት ነው፤ ለጋ ቅቤ በተቀባ ዕለት እንዲህ አይሸትም።

አደስ በዚህ ላይ የሚገባው ለመዓዛው ነው። የሳይንስ ስሙ «ሚርቱስ ኮሙኒስ» ሲሆን፥ የደረቀ ቅጠሉ ተወቅጦ ከቅቤ ጋራ ይለወሳል። ቅጠሉ መዓዛ ያለው ዘይትና ታኒን አለው። አደስን ቀቅሎ በውኃው መለቅለቅ መዓዛ ይሰጣል፤ ነገር ግን ቅባትም ዝልግልግም ስለማይሰጥ ማለስለሻ ሊባል አይችልም። ስለ ጥብስ ቅጠልም የሚባለው ከዚህ ጋራ አንድ ነው። ኢራን ውስጥ ተደርጎ በ2015 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ምርመራ፥ የጥብስ ቅጠል ዘይት ለስድስት ወር ሲቀባ ለራስ መመለጥ ከሚሰጠው 2 ከመቶ ሚኖክሲዲል ጋራ ተወዳድሮ ጉልህ ልዩነት አልታየም። ነገር ግን ምርመራው ምንም መድኃኒት ያልተቀባ ሦስተኛ ወገን አልነበረውም፤ የተሞከረውም ዘይቱ እንጂ የቅጠሉ ቅቅል አይደለም። ስለዚህ «የጥብስ ቅጠል ውኃ ፀጉር ያበቅላል» ብሎ ከዚህ መደምደም አይቻልም።

ጥንቃቄ

በዕፀዋት ውኃ ለመለቅለቅ የሚፈልግ ሰው የሚከተሉትን ማወቅ ይገባዋል።

1. አዲስ ነገር ሁሉ በመጀመሪያ በክንድ ውስጠኛው በኩል ጥቂት ቀብቶ አንድ ቀን መጠበቅ ያሻል። ካሳከከ ወይም ከቀላ መተው ነው።

2. የተልባና የአብሽ ውኃ መጠበቂያ መድኃኒት ስለሌለው ቶሎ ይበላሻል። ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን ብቻ ማዘጋጀት ይሻላል፤ የተረፈውም ሽታው ከተለወጠ ይደፋ።

3. ጤና አዳም ለቡናና ለቅቤ ጥሩ ቢሆንም፥ እንደ ሎሚ ፉራኖኩማሪን ስላለው በቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። ለራስ መለቅለቂያ አይመረጥም።

4. እንዶድ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ፥ ልጆችም እንዳይቀምሱት መጠንቀቅ ነው። እጣቢውን ዓሣ ወዳለበት ወንዝ ወይም ኩሬ መድፋት አይገባም።

5. ቆረቆር በፈንገስ የሚመጣ ተላላፊ በሽታ ነው፤ ሥሩ በፀጉሩ ውስጥ ስለ ሆነ ምንም ዓይነት መለቅለቂያ አያድነውም። የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋልና ፀጉሩ በክብ በክብ የረገፈ ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት። በዚህ ነገር ቅጠል እየቀያየሩ ጊዜ ማጥፋት ልጁንም ጓደኞቹንም መጉዳት ነው።

መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው «የተፈጥሮ ኮንዲሽነር» የሚባል አንድ ነገር የለም። እንዶድና ቁርቁራ ያነሣሉ፤ ሎሚና ኮምጣጤ ሳሙና ያመጣውን ጉዳት ያርማሉ፤ ተልባ፥ አብሽና እሬት፥ በቀድሞው ልማድም ቅቤ፥ ያኖራሉ፤ አደስና ጥብስ ቅጠል መዓዛ ይሰጣሉ። እያንዳንዱን በተራውና በልኩ ለሚጠቀም ሰው የዕፀዋት መለቅለቂያ የኮንዲሽነርን ሥራ በመጠኑ ሊሠራለት ይችላል። ተራውን ላዛባ ሰው ግን፥ በእኔ እንደ ደረሰው፥ ጥቅሙ ወደ ጉዳት ይለወጣል።

የቀድሞው ዕውቀት የተቋረጠው ሐሰት ሆኖ ስለ ተገኘ አይደለም። የሚያኖረው ከቤት ሲወጣ የሚያነሣው ብቻ ስለ ቀረ ነው። ቅቤ መከልከሉ ባልከፋ ነበር፤ የከፋው ቅቤው ምን ይሠራ እንደ ነበር ማንም አለመጠየቁ ነው። እኛም ተማሪዎቹ አልጠየቅንም፤ አፈርን እንጂ።

ይህ የእኔ ማስታወሻ በአንድ ቤትና በአንድ አውራጃ ልማድ ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ ብዙ ይጐድለዋል። ስለዚህ ጓደኞቼን የምለምነው፥ በሚመጣው ዕረፍት ወደየቤታቸው ሲሄዱ አምስት ነገር ጠይቀው እንዲመዘግቡ ነው፤ ይኸውም የተክሉ ስም በአገሩ ቋንቋ፥ የሚወሰደው ክፍል፥ መጠኑ፥ በስንተኛ ተራ እንደሚገባ፥ እንዲሁም የሚያነሣ ወይም የሚያኖር መሆኑን። አንዱ ተክል በብዙ ስም፥ ብዙ ተክልም በአንድ ስም ስለሚጠራ፥ አበባና ፍሬ ያለበት ቅርንጫፍ በጋዜጣ መካከል አድርቆ ማምጣት ይጠቅማል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ከተቀመጡት ናሙናዎች ጋራ ለማስተያየት ያስችላልና።

አያቴ አሁን ዓይናቸው ደክሟል፤ የቁርቁራውን ቅጠል የሚለዩት በእጃቸው ዳስሰው ነው። ባለፈው ዕረፍት መጠኑን እንዲያሳዩኝ ስጠይቃቸው እፍኛቸውን ሞልተው ሰጡኝ፤ እኔም በሚዛን መዝኜ ጻፍሁት። እንዲህ ያለው እፍኝ በየቤቱ አለ፤ የሚመዝነውን ብቻ ይጠብቃል።